የስንዝር ጭማሪ

«ጭማሪው ትንሽ ነው። ካልሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» ብሎ ማለ ደላላው።

ሽማግሌው ደረጃው መሃል ቆመው ሳቁ። «ተው ልጄ፣ በሌላ ማል። እኔ ሞክሬዋለሁ፤ አይመችም።»

ደላላው የሰውዬውን ዓይኖች ልብ ብሎ ያየው ያን ጊዜ ነው። ደነገጠ፤ ግን ይቅርታ ለመጠየቅ አልቆመም፣ ደረጃውን መውጣቱን ቀጠለ። ማፈር የጀመረ ደላላ ሌላ ሥራ ቢፈልግ ይሻለዋል። አባቷን በክንዷ ደግፋ የምታወጣው ልብስ ሰፊዋ ሳቋን ዋጠችው። ሳቅ ከጎበኛት ሰንብቷል።

ሥራዋ ሰዎች ከሱቅ ገዝተው የሰፋቸውን ልብስ ከጎን መቀነስ፣ የረዘመውን ማሳጠር ነው። ቀን ቀን ሱቅ በር ላይ፣ ማታ ማታ ቤቷ ባለው የእግር መኪና ትሰፋለች። የበፊቱ አከራያቸው ኪራዩን በአንድ ጊዜ እጥፍ አድርጎ «ካልተስማማሽ መንገዱን ጨርቅ ያድርግልሽ» ብሎ አሰናብቷታል። ምርቃት ነው፤ ከአከራይ አፍ ሲወጣ ግን እርግማን ይሻላል። ከዚያ በፊት የነበረውም፣ ከዚያ በፊት የነበረውም ያው ነበሩ። በየቤቱ ደግሞ አባቷ አንድ አንድ ጠባሳ ይዘው ወጥተዋል። ግንባራቸው ላይ ያለው የአንዱ ቤት በር ነው፣ ቅልጥማቸው ላይ ያለው የሌላው ቤት ደፍ።

አባቷ ግንበኛ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ቤት ሲሠሩ ኖረው የራሳቸው ሳይኖራቸው ዓይናቸው ጠፋ። ለመጨረሻ ጊዜ ዕቃ ሲጭኑ፣ ፍራሹ ላይ ተቀምጠው፣ ሳይቆጡ፣ «ቤት መቀየር ለእናንተ ዕቃ መጫን ነው፤ ለእኔ ግን እንደገና መታወር ነው» አሏት። ቢቆጡ ኖሮ ትረሳው ነበር። እሷም በልቧ ማለች፤ ከእንግዲህ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከዚያ በኋላ አባቴን ማንም አያንቀሳቅስብኝም አለች።

ክፍሉ የላይኛው ፎቅ ኮሪደር ጫፍ ላይ ነበር። ሰፊ ነው፣ ብርሃን አለው፣ ቀለሙ አዲስ ነው። የሕንፃው ባለቤት በሩ ላይ ቆመው ጠበቋቸው። ተከራዩ ሁሉ «እሜቴ» የሚላቸው፣ ትንሽዬ፣ ንጹሕ፣ ድምፃቸው የማይጎረብጥ ሴት ናቸው። አንገታቸው ላይ እንደ ልብስ ሰፊ ሜትር አንጠልጥለዋል፤ ጣታቸው ላይ የጠመኔ ብናኝ አለ። ሰፊዋ ይህን አይታ ወደደቻቸው። የሙያ ዘመድ ያገኘች መሰላት።

«ወለሉ ምነው እንዲህ ሆነ?» አለች። ወለሉ ከዳር እስከ ዳር ስንዝር ስንዝር በሚያክል መደዳ የተሠራ ነበር፤ አንዱ ጣውላ፣ ቀጥሎ ሲሚንቶ፣ ቀጥሎ ቀይ ሸክላ፣ ቀጥሎ ደግሞ ሌላ ጣውላ።

«እዚህ ቤት የሚጣል ነገር የለም» አሉ እሜቴ።

ይህንንም ወደደችው። እሷም ከሰው ልብስ የተቆረጠውን ብጥስጣሽ በጆንያ ታጠራቅማለች፤ ሲበዛ የትራስ ልብስ ይወጣዋል። አባቷ ግን መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈው ቤቱን አንድ ጊዜ ዞሩት። እሜቴ ሲሄዱ ነው የተናገሩት።

«ይሄን አንድ ሰው አልለሰነውም። ይሄ የችኩል እጅ ነው። ይሄኛው ሰነፍ ነው፣ አሸዋ አብዝቷል። ይሄ ደግሞ ጎበዝ ነበር፣ ነፍሱን ይማረው። በየስንዝሩ ሰው ይለያያል። መጋጠሚያው ግን የለም።»

«እንዴት የለም?»

«የለማ! ዳሺው።»

ዳሰሰችው። ሁለት ጨርቅ ያለ ስፌት አይያያዝም፤ ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። ግድግዳው ግን ከአንዱ ሰው እጅ ወደ ሌላው ሰው እጅ ያለ ምንም ጠባሳ ያልፋል። እጇን ቶሎ አነሣች። እንግዲህ የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ ዕቃቸውን አስገቡ።

የዚያኑ ዕለት አመሻሽ ላይ ጎረቤት መጣ። ሰዓት ሠሪ ነው፣ ጠጉሩ ገና ያልሸበተ፣ ፊቱ ግን የሸበተ ሰው። የራሱን በርጩማ ይዞ ነበር። «እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ትንሽ ልቀመጥ?» ብሎ መልስ ሳይጠብቅ ገባና ከሁሉም ቦታ መርጦ አንደኛው የጣውላ መደዳ ላይ በርጩማውን አኖረ። ጀርባውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ዓይኑን ጨፈነ። በማግሥቱም መጣ። ከዚያ በኋላ ያልመጣበትን ቀን ሰፊዋ አታስታውስም።

«ባል መጣልሽ» ይሏታል አባቷ ሰውዬው ሲሄድ።

«ምን ዓይነት ባል ነው፣ ግድግዳ አቅፎ የሚውል!»

«ዓይን አፋር ነዋ።»

አንድ ቀን፣ ልብስ እያሳጠረች፣ «እንዲያው እዚህ ቤት ጭማሪው እንዴት ነው?» ብላ ጠየቀችው። ሰዓት ሠሪው አፉን ከፈተ። ግድግዳውን ዞሮ አየ። አፉን ዘጋ፣ እንደገና ከፈተ፣ «ትንሽ ነው» አለ። ወዲያው ፊቱ አመድ መሰለ፤ በርጩማውን አንስቶ ወጣ።

«ሰማሽ?» አሉ አባቷ። «ምን?» ስትላቸው «እሱ ሲቀመጥ ግድግዳው ውስጥ ይንኳኳል። ሁልጊዜ። አሁን ሲመልስልሽ ዝም አለ» አሏት። ግድግዳ ጆሮ አለው ሲባል ሰምታለች፤ ጣት አለው ሲባል ግን የሰማችው ነገር የለም። «አይጥ ይሆናል አባዬ» አለች። አይጥ ቢሆን ደስ ባላት።

ዓመቱ ሞልቶ ውሉ የሚታደስበት ቀን ሲደርስ እሜቴ በጠዋት መጡ። ስለ ብር አንድም ቃል አላነሱም። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡ፣ ከኋላው ግድግዳ ሥር ተንበረከኩ፣ መዳፋቸውን ዘረጉና አንድ ስንዝር ለኩ። ከዚያ በጠመኔ ከዳር እስከ ዳር መስመር አሰመሩ።

«ከዚህ መስመር ወዲያ ምንም አይቅር። ዕቃም፣ ሰውም። እናንተ መሃል ቤት ተቀመጡ። ሲመሽ እንደፈለጋችሁ ትዘረጋላችሁ።»

«ቀለም ሊቀባ ነው?»

«ጭማሪዬ ነው» አሉ እሜቴ፣ ጉልበታቸውን እያራገፉ። «ትንሽ ናት። ማንንም አልከበደችም።»

አባትና ልጅ አልጋውን ስበው፣ መሃል ቤት ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው ዋሉ። ምንም አልተሰማም። ምንም አልተንቀሳቀሰም። ሰፊዋ አንድ ጊዜ ክር ልታስገባ ጎንበስ ብላ ቀና ስትል ግድግዳው መስመሩ ላይ ቆሟል። የመጣ አይመስልም፤ ከተፈጠረ ጀምሮ እዚያ የኖረ ይመስላል፤ ጥጉ ላይ የነበረው የሸረሪት ድር እንኳን አልተነካም። አባቷ ተነሥተው እጃቸውን ዘረጉና መዳፋቸው ካሰቡት ቀድሞ ልስኑን ነካ።

«መጣ» አሉ በቀስታ።

ሰፊዋ ሰዓት ሠሪውን በአንገትጌው ጎትታ አስገባችው ብንል ብዙም አናጋንንም። «አሁን ትናገራለህ!» አለችው። እሱም ደክሞት ስለነበር ይመስላል፣ ተናገረ።

«ከሁሉም ቤት በየዓመቱ ስንዝር ይወስዳሉ። ይጠራቀማል። ሲበቃ አዲስ ክፍል ይሆናል። የእናንተም እንዲያ ነው የተሠራው። ይሄ ጣውላ...» በርጩማው ያለበትን መደዳ በእግሩ ነካ አደረገ። «ይሄ የኔ ቤት ነበር። ቤቱ እየጠበበ ሄዶ ለሁለት ሰው አልበቃንም። በማደሻው ቀን፣ እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገኝ፣ ባለቤቴ መስመሩን አልፋ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ስነቃ የለችም። እሜቴ መጡና ‹ሰው የሰጠ ቤት አይነካም› አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ስንዝርም አልወሰዱብኝ።»

ሰፊዋ ጆንያዋን አየች። ብጥስጣሹን።

«ለምን አልነገርከንም?» አለች።

«ነግሬያችሁ ብትሄዱ እሜቴ ክፍሉን ይቆልፉታል፤ ለቆ በሄደ ሰው ክፍል ሌላ አያስገቡም። ከዚያ እኔ የት ሄጄ ልቀመጥ?» አለና እንደ ሕፃን አለቀሰ። አታፍርም ወይ ልትለው አስባ አልቻለችም።

አባቷ ጠየቁት። «ይከፋታል?»

«አይመስለኝም አባቴ። ታንኳኳለች። ሳጫውታት ቶሎ ቶሎ ነው፣ ስታኮርፍ በዝግታ። የዋሸሁ ቀን ግን ትዘጋኛለች፣ እንደ ድሮው። ለልጅዎ ‹ትንሽ ነው› ያልኩ ጊዜማ ስንት ሳምንት ዘጋችኝ! ሙት ግድግዳ አስታቅፋ አስቀመጠችኝ።»

«ደግ አደረገች» አሉ ሽማግሌው፤ ደግመው አልጠየቁም።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ። ሰፊዋ ግን ጠርጥራም፣ አውቃም፣ መሄጃ አጣች። በማግሥቱ ደላላውን ፈልጋ ከተማውን አዳረሰችው። አንዱ ቤት ኪራዩ ሰማይ ነው። አንዱ አከራይ ሽማግሌውን ከእግር እስከ ራሳቸው አይቶ «ታማሚ አይመቸንም» አላት፤ «ታማሚ አይደሉም፣ ዓይነ ስውር ናቸው» ብትለው «እሱም አይመቸንም» አለ። ሌላው ቤት ደረጃው መደገፊያ አልነበረውም። አባቷ ተንሸራተው ወደቁና ቀኝ እጃቸው ወለም አለ። ዓይነ ስውር እጁ ሲታሰር ሁለተኛ መጨለም ነው። ታክሲ ውስጥ «አይዞሽ፣ ደህና ነኝ» ሲሏት አለቀሰች፤ የሚያጽናኑት እሳቸው መሆናቸው አንገበገባት።

ክፍላቸው ሲደርሱ በሩን ከፈተችላቸው። አባቷ ደህናውን እጃቸውን ግድግዳው ላይ አሳረፉ፣ ረዥም ትንፋሽ ተነፈሱ፣ በትራቸውን ሳይዘረጉ፣ ሳይፈሩ፣ ጠረጴዛውን ዞረው አልጋቸውን አገኙት። እሷ ደፉ ላይ ቆማ አየቻቸው። ደላላውን ዳግመኛ አልጠራችውም።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ ግድግዳውም እንደዚያው ሄደ። አንድ ዓመት ቁም ሳጥኑ ተሸጠ። ሌላ ዓመት ጠረጴዛው። ወንበሮቹ ሁለት ብቻ ቀሩ። መኪናዋ ከአባቷ አልጋ ጋር ተጠጋግቶ፣ ፔዳሉን ስትረግጥ ጉልበቷ የአልጋውን ጠርዝ ይነካ ጀመር። እሳቸውም ትርታውን ለምደው እሱን ካልሰሙ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ሰዓት ሠሪው በርጩማውን ይዞ ሲመጣ ሦስቱም ጉልበት ለጉልበት ይገጥማሉ፤ ይሳሳቃሉም እንኳን። ሰው ምን የማይለምደው ነገር አለ?

ሌላ ማደሻ ሲቃረብ ሰፊዋ አባቷ ያንቀላፉ መስሏት ሜትሯን ዘረጋች። ከዚህ በኋላ የሚቀረው ቦታ አልጋ ይይዛል ወይም መኪና ይይዛል። ሁለቱን አይይዝም። መኪናው ከሌለ እንጀራ የለም፤ ሱቁ በር ላይ ለሌላ መኪና ቦታ እንደሌለ ቀድማ ጠይቃ አረጋግጣለች። የሜትሩ ብረት ጫፍ ወለሉን ነካና ቃ አለ።

«አይበቃም አይደል?» አሉ አባቷ፣ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ።

«ይበቃል አባዬ።»

«ልጄ፣ እኔን ትዋሺኛለሽ?»

«መኪናውን ሱቅ እወስደዋለሁ አልኩህ። ተነጋግሬያለሁ።»

ከዚያ በእጃቸው የአልጋውን ራስጌ እየደባበሱ፣ «ታውቂያለሽ፣ እዚህ ቤት አንድ ቀን እንኳን ተደናቅፌ አላውቅም» አሉ። «ቃልሽን ጠብቀሻል። የዚህን ያህል እኔም አባት ብሆን ደስ ይለኝ ነበር።»

«ምን ማለትህ ነው አሁን?»

«ምንም። ሽማግሌ ይለፈልፋል።»

በማደሻው ቀን እሜቴ መጡ፣ ጫማቸውን አወለቁ፣ ስንዝራቸውን ዘረጉ፣ አሰመሩ፣ ሄዱ። ሰፊዋ አባቷን መሃል ቤት ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው። አትነሣ አለቻቸው፤ እሺ አሉ። እንደገና አስማለቻቸው፤ ሳቁባት። ከዚያ «ዝም ብለሽ ከምትጨነቂ መኪናሽን አሰሚኝ። ጭር ሲል ይከብደኛል» አሏት።

የአንድ ሰው ካፖርት ከጎን መቀነስ ነበረባት። ጀርባዋን ሰጥታ ፔዳሉን ረገጠች። ጨርቁ ወፍራም ስለሆነ መርፌው ይጮኻል። ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ስታዞረው፣ ከኋላዋ ወንበሩ ሲንቀጫቀጥ የሰማች መሰላት፤ ግን ስፌቱ መሃል ላይ ነበረችና ዳሩን ጨረሰች። ይኸው ነው ጥፋቷ። ዳሩን ጨረሰች።

ዞር ስትል ወንበሩ ባዶ ነው። ግድግዳው መስመሩ ላይ ቆሟል። የአባቷ በትር፣ እጅ ለመታጠብ እንኳን ሲነሡ የማይለዩት በትር፣ ስትነሣ እንዳያደናቅፋት ከመኪናው ጎን ቀጥ ብሎ ተደግፏል። ተሳስተው ቢሆን ኖሮ በትሩ አብሯቸው በሄደ ነበር።

ጮኸች። ግድግዳውን በቡጢ፣ በመቀስ፣ በወንበሩ እግር ደበደበችው። የኮሪደሩ ተከራዮች በየበራቸው ወጥተው አዩአት፤ አንድም የተናገረ፣ አንድም የተገረመ የለም። ለምን ማንም ከዚህ ሕንፃ ለቆ እንደማይወጣ ያን ጊዜ ገባት። ሁሉም ግድግዳው ውስጥ ሰው አላቸው። ሰዓት ሠሪው መጥቶ እጇን ያዘ፤ ደሟን በመሐረቡ ጠረገላት።

እሜቴ ማታ መጡ። «ሰው የሰጠ ቤት አይነካም። ከእንግዲህ ጭማሪ የለብሽም» አሉ በዚያ በማይጎረብጥ ድምፃቸው።

«እኔ አልሰጠሁም!»

«እሳቸው ሰጡ።»

«የት ናቸው?»

«የሚጣል ነገር የለም ብዬሽ የለ? ሲጠራቀም ታገኚያቸዋለሽ።»

ቤቱ ለአንድ ሰው ከነመኪናው በቃ። አልጋውን ሸጠችው፤ መሬት ትተኛለች። ማታ ማታ ሥራ ሳይኖራት ፔዳሉን ትረግጣለች፤ ትርታውን ካልሰሙ አይተኙማ።

ኮሪደሩ ጫፍ ላይ፣ ትናንት ባዶ ግድግዳ በነበረበት ቦታ፣ አንድ ጠዋት በር ተገኘ። ቀለሙ አዲስ ነው። ደላላውም ዘለቀ፣ እያለከለከ፣ ከኋላው ሁለት አዲስ ተጋቢዎች አስከትሎ። «ጭማሪው ትንሽ ነው፤ ካልሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» ሲል ሰፊዋ በሯ ላይ ቆማ ሰማችው። በዚያ መሐላ የሚስቅ ሰው አልነበረም።

ዕቃ እስኪያስገቡ እንኳን አልታገሠችም። በርጩማዋን ይዛ አንኳኳች። «ጎረቤት ነኝ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ትንሽ ልቀመጥ?»

ልጅቷ ደስ አላት። ነፍሰ ጡር ናት፤ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ክፍሉን እየዞረች ታያለች። ሰፊዋ ወለሉን ፈለገች። ጣውላ፣ ሸክላ፣ ሲሚንቶ፣ ጣውላ። የመጨረሻው መደዳ ላይ፣ አንድ ጊዜ ካውያዋ ወድቆ ያቃጠለውን ጥቁር ምልክት አገኘችው። በርጩማዋን እዚያ አኖረች፣ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ ለጠፈች፣ ዓይኗን ጨፈነች።

መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ሁለት ጊዜ በጣት አንጓ ኳ ኳ፣ ቀጥሎ መዳፍ ልስን ላይ ሲያልፍ የሚሰማ ሸርተት ያለ ድምፅ። አባቷ የሠሩትን ግድግዳ ሲፈትሹ እንዲያ ነበር የሚያደርጉት፤ አንኳኩተው፣ ዳብሰው፣ ከዚያ «ይይዛል» ይላሉ። ኳ ኳ፣ ሸርተት። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ምነው እህቴ፣ አመመሽ?» አለች ልጅቷ፤ መጥታም ጎኗ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

«አቧራ ነው።»

ባልየው ካርቶን አስቀምጦ ቀና አለ። «እህቴ፣ አንቺ ነባር ነሽ መሰለኝ። ደላላ መቼም ደላላ ነው። እውነቱን ንገሪን፤ እዚህ ቤት ጭማሪው እንዴት ነው?»

ሰፊዋ አፏን ከፈተች። የልጅቷን ሆድ አየች፣ የተደገፈችበትን ግድግዳ አየች። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ብነግራቸው ዛሬውኑ ይሄዳሉ፤ ከሄዱ ክፍሉ ይቆለፋል። ከጀርባዋ ኳ ኳ አለ፤ ቅርብ ነው፣ ልክ ትከሻዋ ሥር፣ ድሮ ደረጃ ሲወጡ እጃቸውን የሚያሳርፉበት ቦታ ላይ።

«ትንሽ ነው» አለች።

ባልየው ተደስቶ ሚስቱን አያት። ከጀርባዋ ግን የመዳፉ ሸርተት ሳይከተል ቀረ። ጠበቀች። ባልና ሚስት አልጋቸውን የት እንደሚያደርጉ እየተከራከሩ፣ እየተሳሳቁ ካርቶን ከፈቱ። ሰፊዋ እጇን ወደ ኋላ ልካ በጣቷ አንጓ ሁለት ጊዜ አንኳኳች፣ ዳበሰችው፣ ደግማ አንኳኳች። ግድግዳው ግድግዳ ብቻ ነበር።